ትልልቅ በረሮዎችን ከቤት ስለማስወገድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎችና መልሶች የሚመለከቱት ርዝመቱ እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰውን፣ ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ያለውንና ኑሮውን በአብዛኛው በፍሳሽ መስመርና በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ያደረገውን ትልቁን በረሮ ነው። የሳይንስ ስሙ ፔሪፕላኔታ አሜሪካና ሲሆን፣ መነሻው አፍሪካ እንደሆነና ከዘመናት በፊት በመርከብ ወደ ሌላው ዓለም እንደተሻገረ ይታወቃል። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ከተሞችና በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚኖሩ አንባቢያን ከዚህ ነፍሳት ጋር የሚተዋወቁት ሳይወዱ በግድ ነው።

ያየሁት ትልቁ በረሮ ነው ወይስ ትንሹ አድጎ ነው?

ትንሹ በረሮ የቱንም ያህል ቢኖር ትልቁን አይሆንም፤ ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። በማድቤት ካቢኔትና በፍሪጅ ጀርባ የሚርመሰመሰው ትንሹ ዓይነት ሙሉ ዕድገቱን ሲጨርስ ርዝመቱ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ከጭንቅላቱ ጀርባ ባለው ጋሻ መሰል ክፍል ላይም ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉት። የትልቁ በረሮ ጋሻ ግን ዳር ዳሩ ቢጫማ ሆኖ መሐሉ የጠቆረ ነው። የሚያሳስተው የትልቁ በረሮ ግልገል ነው፤ ክንፍ ስለሌለውና አካሉም ገና ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው የትንሹ ዘር ይመስለዋል። ሁለቱ ጥቁር መስመሮች ከሌሉበት የትልቁ ግልገል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ይህን መለየት አስፈላጊ የሚሆነው የመከላከያው መንገድ ስለሚለያይ ነው። ትንሹ በረሮ የሚራባው እዚያው ቤት ውስጥ በመሆኑ ውጊያውም የሚካሄደው በካቢኔቱና በምድጃው ዙሪያ ነው። ትልቁ ግን በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ስለሆነ፣ የመጣበትን መንገድ ሳይዘጉ ያዩትን መግደል ማቆሚያ የሌለው ሥራ ይሆናል።

አዲስ አበባ ውስጥም ትልቁ በረሮ አለ?

በአዲስ አበባ ቤቶች የሚበዛው ትንሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሞ በወጣ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በወጥመድ የተያዙት በረሮዎች በሙሉ ትንሹ ዝርያ ሲሆኑ፣ በዝዋይ ከተያዙት ውስጥ ግን ከትልቁ ጋር አንድ ወገን የሆነ ሌላ ቡናማ በረሮም ተገኝቷል። ትልልቆቹ ሙቀትና እርጥበት ስለሚወዱ በደጋው ብርድ እምብዛም አይመቻቸውም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚጽፉልን አንባቢያን በቅድሚያ የትኛውን እንዳዩ ቢያረጋግጡ ይመረጣል።

ቤቴ ንጹሕ ነው፤ ታዲያ ከየት ነው የሚመጣው?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከሐፍረት ጋር ይነሣል፤ ነገር ግን ትልቁ በረሮ በቤት ውስጥ መታየቱ የባለቤቲቱን ሙያ ወይም ንጽሕና የሚያመለክት አይደለም። መኖሪያው የፍሳሽ ማስወገጃ መስመር፣ የቆሻሻ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ የማንሆል ውስጠኛ ግድግዳ፣ የግቢ ቦይና እርጥበት ያለው የሕንፃ ምድር ቤት ነው። ጨለማ፣ ሙቀትና ውሃ እስካገኘ ድረስ ከዚያ የሚያወጣው ነገር የለም። የሚወጣውም ወይ ውሃው ሞልቶ ሲያፈናቅለው፣ ወይ ቦታው ሲጠብበው፣ ወይም ውሃና ምግብ ፍለጋ በቧንቧው ሲወጣ መንገዱን ክፍት ሆኖ ሲያገኘው ነው። በክረምት ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ በአንድ ሌሊት ብዛታቸው የሚጨምርበት ምክንያት ይኸው ነው።

ዋናው መግቢያ በር የወለልና የመታጠቢያ ውሃ መውረጃ ነው። በእቃ ማጠቢያው ሥር የሚታየውና ቧንቧ ሠራተኞች ሲፎን የሚሉት የታጠፈ ቱቦ፣ እጥፋቱ ውስጥ ዘወትር ጥቂት ውሃ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። ያ ውሃ የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ ይከለክላል፤ ለበረሮም መሰናክል ይሆናል። ይሁን እንጂ ብዙም የማይገለገሉበት የእንግዳ መታጠቢያ ቤት፣ የበረንዳ ውሃ መውረጃ ወይም የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወለል ለሳምንታት ውሃ ሳይፈስበት ሲቀር፣ በተለይ በሞቃት አገር፣ በእጥፋቱ ያለው ውሃ ተንኖ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በፍሳሹ መስመርና በመኝታ ቤቱ መካከል የሚቀረው ባዶ ቱቦ ብቻ ነው። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሄደው ከወር በኋላ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ሪያድ የተመለሱ ሰዎች በመታጠቢያ ቤታቸው ትልልቅ በረሮዎችን የሚያገኙት በአብዛኛው በዚህ የተነሣ ነው። ከመሄድ በፊት በእያንዳንዱ የወለል ውሃ መውረጃ አንድ ሁለት ሊትር ውሃ ማፍሰስና ከላዩ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት መጨመር ትነቱን ያዘገየዋል፤ መውረጃውን በክዳን ወይም በወፍራም ፕላስቲክ ሸፍኖ ዕቃ መጫን ደግሞ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ከውሃ መውረጃው ቀጥሎ የሚጠረጠሩት በግድግዳ ውስጥ የሚያልፉ ቧንቧዎች ዙሪያ ያለ ክፍተት፣ የበር ሥር፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳና የተሰነጠቀ የማንሆል ክዳን ናቸው። ክፍተቱ ትንሽ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረጉት ሙከራ ይህ በረሮ አካሉን ጠፍጥፎ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ስንጥቅ ውስጥ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ እንደሚያልፍ አሳይተዋል።

ከፍሳሹ ሳይሆን ከገበያ የሚመጣም አለ። እንቁላሉ በካርቶን እጥፋት፣ በለስላሳ መጠጥ ሣጥን፣ በጆንያ ወይም በተገዛ አሮጌ የቤት ዕቃ ጀርባ ተጣብቆ ሊገባ ስለሚችል፣ ካርቶን በማድቤት ማከማቸት ጥሩ ልማድ አይደለም።

በእርግጥ በሽታ ያስተላልፋል?

በረሮ እንደ ትንኝ ደም መጥጦ በሽታ አያስተላልፍም። ጉዳቱ ከመጸዳጃው ወጥቶ በሌማቱ ላይ መሄዱ ነው። እግሩና አካሉ ከፍሳሽ ውስጥ የተቅማጥ ተሕዋስያንንና የአንጀት ጥገኛ ትሎችን እንቁላል ይዞ በመውጣት፣ ክዳን በሌለው ቡሆ፣ በእንጀራ መሶብና በታጠበ ዕቃ ላይ ያራግፋቸዋል። ከላይ የተጠቀሰው የአዲስ አበባና የዝዋይ ጥናትም የተካሄደው በረሮዎች የሰው አንጀት ጥገኞችን ተሸክመው እንደሚዘዋወሩ ለማወቅ ነበር፤ ተሸክመው ተገኝተዋል።

ሁለተኛው ጉዳት አለርጂና አስም ነው። የበረሮ ኩስ፣ ምራቅና የተጣለ ቆዳ ደርቆ ከአቧራ ጋር ሲቀላቀል የአስም ሕመምተኞችን፣ በተለይ ሕፃናትን፣ ያስነሣባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ከተሞች በሚኖሩ አስም ያለባቸው ልጆች ላይ የወጣ ጥናት፣ ለበረሮ አለርጂ ያላቸውና በመኝታ ክፍላቸው ብዙ የበረሮ ቅሪት የተገኘባቸው ልጆች ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ በላይ ሆስፒታል እንደሚተኙ አመልክቷል። ስለዚህ የሞቱትን ከካቢኔት ጀርባ ጠርጎ ማውጣትና ቦታውን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ከመግደሉ እኩል አስፈላጊ ነው።

ፍሊት ነፋሁ፤ ብዙ ሞተው ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ለምን ተመልሰው መጡ?

የሚነፋ መድኃኒት የሚገድለው ያገኘውን ነው። በማድቤት ወለል ላይ የታዩት አምስት ወይም ስድስት በረሮዎች ቢሞቱም፣ የቀሩት ከውሃ መውረጃው በታች፣ መድኃኒቱ ፈጽሞ በማይደርስበት ቦታ አሉ። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የሚነፉ መድኃኒቶች ነፍሳቱን የሚያስበረግጉ በመሆናቸው ከሞት የተረፉት ወደ ግድግዳው ጠልቀው ይገባሉ ወይም ወደ ጎረቤት ይሻገራሉ። ክፍሉን ዘግቶ የሚያጨስ ቆርቆሮ መተውም ከዚህ የተሻለ ውጤት የለውም፤ ጭሱ በጠረጴዛና በአልጋ ላይ ይሰፍራል እንጂ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም፤ የጋዝ ምድጃ ባለበት ቤት ደግሞ የእሳት አደጋ ሊያስነሣ ይችላል።

ፍሊት ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። ፊት ለፊት የመጣን ትልቅ በረሮ ወዲያው ለመጣል ያገለግላል፤ በጫማ ከማሳደድም ይሻላል። በረሮው በጅራቱ ጫፍ ባሉት ሁለት ቀንድ መሰል ክፍሎች ላይ የበቀሉት ስስ ፀጉሮች የሚወርደውን ጫማ ንፋስ ቀድመው ስለሚሰሙ፣ ጫማው ወለል ሳይነካ ነፍሳቱ ሄዷል፤ በላብራቶሪ የተለካው ከፍተኛ ፍጥነቱም በሴኮንድ 1.5 ሜትር ነው። ይሁን እንጂ በየምሽቱ ፍሊት መንፋት ቤተሰቡን መድኃኒት ከማስተንፈስ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ከየት ልጀምር?

ከምርመራ ነው። መብራት ከጠፋ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ባትሪ ይዞ ወደ ማድቤትና ወደ መታጠቢያ ቤት መግባትና፣ የታዩት በረሮዎች ወዴት እንደሚሮጡ በትዕግሥት መመልከት ከማንኛውም መድኃኒት በፊት የሚደረግ ሥራ ነው። የሚሮጡበት አቅጣጫ መግቢያቸውን ይጠቁማል። ቀን ቀን ደግሞ ኩሱን መፈለግ ይቻላል፤ የትልቁ በረሮ ኩስ ጥቁርና ጫፉ ዱልዱም ሆኖ በጎኑ ሽንትር አለው፤ የአይጥ ኩስ ግን ጫፉ የሾለና አንዳንድ ጊዜ ፀጉር ያለበት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን እያምታታ ለአይጥ መርዝ ገንዘቡን ያባክናል።

ቀጥሎ ወጥመድ ይቀመጥ። ሱቅ የሚሸጠው የሚያጣብቅ ካርቶን ካልተገኘ፣ አፉ ሰፋ ያለ የማርማላታ ጠርሙስ ወስዶ የውስጥ አፉን ዙሪያውን በስሱ ቫዝሊን መቀባትና በውስጡ በቢራ ወይም በጠላ የራሰ ቁራሽ ዳቦ ማስቀመጥ ይበቃል። በረሮው ተንጠላጥሎ እንዲገባ ጠርሙሱን ከውጭ በጨርቅ ወይም በወረቀት መጠቅለል ያስፈልጋል። ሽታው ይስበዋል፤ ከገባ በኋላ ቫዝሊኑ ስለሚያንሸራትተው አይወጣም። እንዲህ ያሉ ሦስት አራት ጠርሙሶች አንዱን በእቃ ማጠቢያው ሥር፣ አንዱን በመታጠቢያ ቤት፣ ሌላውን በበሩ አጠገብ አድርጎ ጠዋት ጠዋት መቁጠር፣ መንገዱ የትኛው እንደሆነ ያለ ክርክር ያሳያል።

መንገዱ ከታወቀ በኋላ ሥራው በቅደም ተከተል መግቢያውን መዝጋት፣ ውሃ መንሣት፣ በመጨረሻም መርዝ ማስቀመጥ ነው። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚያ ላይ ነው።

ክፍተቱን በምን ልዝጋው?

በወለል ውሃ መውረጃ ላይ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የሽቦ ወንፊት ከክዳኑ ሥር ማሰር፣ ወይም ውሃ ሲወርድ ብቻ የሚከፈት የጎማ ምላስ ያለውን መውረጃ ማስገጠም ይቻላል። ሌሊት ሌሊት የእቃ ማጠቢያውን ቀዳዳ በቡሽ መክደን ምንም ወጪ የለውም። ቧንቧ ግድግዳ ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቦታ ያለውን ክፍተት መጀመሪያ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቆ ከዚያ በሲሚንቶ ወይም በሲልከን መድፈን የተሻለ ነው፤ ጋዜጣና ጨርቅ መጠቅጠቅ ግን መደበቂያ ማዘጋጀት ነው። የበር ሥር ጎማ፣ በመስኮትና በአየር ማስገቢያ ላይ የሚለጠፍ ወንፊት፣ በግቢ ውስጥም የማይገጥም የማንሆል ክዳን ማስተካከል ይከተላሉ።

የጉድጓድ መጸዳጃ ባለበት ግቢ፣ ቀዳዳው ከተጠቀሙ በኋላ ሁሉ የሚከደን የእንጨት ወይም የብረት ክዳን ያስፈልገዋል፤ የአየር መተንፈሻው ቱቦ አናትም በወንፊት መሸፈን አለበት።

ውሃ መንሣት ሲባል የሚንጠባጠብ ቧንቧ ማስጠገን፣ እጣቢ በባልዲ አለማሳደር፣ ከመተኛት በፊት የእቃ ማጠቢያውን በጨርቅ ማድረቅ ነው። ትልቁ በረሮ ውሃ እስካገኘ ድረስ ያለ ምግብ ከአንድ ወር በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ፍርፋሪ ብቻ ጠርጎ መተኛት እንደማይበቃ መገንዘብ ያሻል።

የትኛው መርዝ ይሻላል?

ለቤት ውስጥ በጄል መልክ የሚሸጠው የሚበላ መርዝ ተመራጭ ነው። በረሮው በልቶት ወዲያው ስለማይሞት ወደ መደበቂያው ይመለሳል፤ ሬሳውንና ኩሱን የሚበሉ ሌሎች በረሮዎችም ይመረዛሉ። አቀማመጡ የምስር ፍሬ በምታህል ጠብታ፣ በረሮው በሚያልፍበት ጠርዝና ማዕዘን፣ ከሕፃናት እጅ በራቀ ስፍራ ነው፤ ለትልቁ ዓይነት በውሃ መውረጃው አካባቢ ባሉ ደረቅ ቦታዎች፣ በቧንቧ መግቢያና በማንሆሉ ክዳን ሥር ማድረግ ይጠቅማል። ጄል በተደረገበት ቦታ ላይ ፍሊት ወይም በረኪና መንካት የለበትም፤ ሽታው በረሮውን ከምግቡ ያሸሸዋልና።

ሁለተኛው ቦሪክ አሲድ የሚባለው ነጭ ዱቄት ነው። በረሮው በዱቄቱ ላይ ሲሄድ እግሩና አንቴናው ላይ ይጣበቅበታል፤ ራሱን ሲያጸዳ ይውጠዋል፤ በቀናት ውስጥም ይሞታል። ስሕተቱ ሁልጊዜ በመጠኑ ላይ ነው፤ በማንኪያ ተከምሮ የተቀመጠን ዱቄት በረሮ ዞሮት ያልፋል። መበተን ያለበት በዓይን ለማየት እስኪያስቸግር በስሱ፣ በምድጃ ጀርባ፣ በካቢኔት ሥርና በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ደርቆ እስከቆየ ድረስ ለወራት ይሠራል፤ ከረጠበ ግን ዋጋ የለውም። ከስኳርና ከዱቄት ጋር ለውሶ ድቡልቡል የሚያዘጋጁ አሉ፤ ያ ግን ለሕፃን ልጅ ከረሜላ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ልጆች ባሉበት ቤት አይመከርም። ቦሪክ አሲድ ከጨውና ከሶዳ ጋር በአንድ መደርደሪያ፣ ስም ሳይጻፍበት፣ መቀመጥ የለበትም።

ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ዶሮዎቹ በረሮ እንደሚለቅሙ ያስተውሉ፤ መርዝ የበላ በረሮ ባለበት ግቢ ዶሮዎቹን ለጊዜው መከልከል ይገባል። ድመትም ፐርሜትሪን ለተባለው የሚነፋ መድኃኒት በጣም ስስ ናት።

በረኪና፣ ናፍታሊን፣ ላምባ፣ የፈላ ውሃ፣ የባሕር ዛፍ ጭስስ?

በረኪና የነካውን ሊገድል ይችላል፤ የቀረውን ግን አያባርርም። ከአሲድ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱን ተከታትሎ በአንድ መውረጃ ማፍሰስ ክልክል ነው። ናፍታሊን በእቃ ማጠቢያ ውስጥ የመጣል ልማድ በስፋት ይታያል፤ ሽታው ጥቂት ቢያሸሽም ለጨቅላ ሕፃናት፣ በተለይም በተፈጥሮ የቀይ ደም ሴላቸው ለዚህ ስስ ለሆነ ልጆች፣ አደገኛ ነው። ላምባና ቤንዚን በፍሳሽ ወይም በመጸዳጃ ጉድጓድ ማፍሰስ እሳት መጥራት ነው፤ በአቅራቢያው የውሃ ጉድጓድ ካለም ውሃውን ይበክላል። የፈላ ውሃ ጥቂቶችን ይገድላል፤ ሲደጋገም ግን የፕላስቲክ ቱቦውን ያላላዋል። የባሕር ዛፍ፣ የወይራና የጤና አዳም ሽታ ቤቱን ደስ ያሰኛል፤ በረሮው ግን ጭሱ እስኪበርድ ድረስ ስንጥቁ ውስጥ ይጠብቃል።

የነቀዝ ክኒን ይገድለዋል ይባላል። እውነት ነው?

ይገድለዋል፤ የቤቱንም ሰው ይገድላል። ለእህል ጎተራ የሚሸጠው ይህ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በስንጥቅና በቧንቧ ዙሪያ ባለ ክፍተት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ጎረቤት ለነፍሳት ብሎ ባስቀመጠው ክኒን ምክንያት በአጠገቡ ባለው ቤት የተኙ ሕፃናት የሞቱባቸው ጊዜያት አሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ማስመለስ፣ ራስ ምታት፣ የደረት መጨነቅና የትንፋሽ ማጠር ከጀመራቸው፣ በተለይም የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ካለ፣ ምግቡን ከመጠርጠር በፊት ሁሉም ወዲያው ከቤት ወጥተው ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው። ሽታ አለመኖሩ ግን ደኅንነትን አያረጋግጥም።

ዲዲቲን፣ ማላታዮንንና ሌሎች የእርሻ መድኃኒቶችን በገበያ በፌስታል ቋጥሮ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ገዝቶ በማድቤት መርጨትም ከዚህ እምብዛም አይሻልም። መለያ ጽሑፍ የሌለው መድኃኒት ምን እንደሆነ፣ በምን ያህል ውሃ እንደሚበጠበጥና ሰው ቢመረዝ ሐኪሙ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግር ሰው የለም።

ሲረገጥ እንቁላሉ ይበተናል?

አይበተንም። ትልቋ በረሮ እንቁላሎቿን 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው፣ ጠንካራና ጥቁር ቡናማ በሆነ ከረጢት ውስጥ ታኖራለች፤ በአንድ ከረጢት ከ14 እስከ 16 እንቁላል ይገኛል። ከረጢቱን ለአንድ ሁለት ቀን ከጅራቷ ሥር ይዛ ከቆየች በኋላ ምግብና እርጥበት ባለበት አካባቢ በምራቋ አጣብቃ ትሄዳለች። ይልቅ የሚያሳስበው በካርቶን ሥርና በመሳቢያ ጀርባ ተጣብቆ የቀረው ከረጢት ነው፤ ቅርፊቱ መድኃኒት ስለማያስገባ በእጅ ፈልቅቆ ማቃጠል ወይም መጨፍለቅ ይገባል። የሞተ የመሰለውን በረሮ ወደ መጸዳጃ ጥሎ ውሃ መልቀቅ ግን አይመከርም፤ ውሃ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ ለረጅም ደቂቃዎች ስለሚቆይ ወደ ቤቱ መሸኘት ይሆናል።

ይበራል?

ክንፍ ያላቸው ሙሉ ዕድገት የጨረሱት ሲሆኑ፣ በሞቃት ሌሊት ከከፍታ ተንሳፍፈው ሊወርዱ ወይም አጭር ርቀት ሊበሩ ይችላሉ። በሂዩስተንና በአትላንታ አካባቢ በዛፍ ላይ የሚኖር ሌላ ጠቆር ያለ ትልቅ በረሮ ደግሞ በብርሃን ስለሚሳብ፣ የበረንዳ መብራት ማጥፋት ወይም በቢጫ አምፖል መለወጥ ይረዳል።

የምኖረው በኮንዶሚኒየም ነው፤ እኔ ብቻዬን ባደርገው ምን ይረባል?

የራስን ውሃ መውረጃና የቧንቧ ዙሪያ መዝጋት ለብቻም ቢሆን ይረባል። ሆኖም ፍሳሹ የሚወርድበት የቧንቧ መተላለፊያ ከታችኛው ወለል እስከ ላይኛው አንድ ስለሆነ፣ ማንሆሉና መተላለፊያው ካልተሠራበት በረሮው አንዱ ቤት ሲዘጋበት ወደ ሌላው ያዘነብላል። ስለዚህ ጉዳዩን ለሕንፃው ኮሚቴ አቅርቦ የማንሆል ክዳኖች እንዲጠገኑ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ክዳን እንዲኖረውና መድኃኒቱም በሁሉም ቤቶች በአንድ ቀን እንዲደረግ ማስማማት ያስፈልጋል። ከስብሰባው በፊት በጠርሙስ የተያዙትን ይዞ መሄድ ክርክሩን ያሳጥራል።

በሰው ቤት የምሠራ ነኝ፤ መድኃኒት ረጪዎች ሲመጡ ራሴን እንዴት ልጠብቅ?

በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩ እኅቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚተኙት በማድቤት ወይም በልብስ ማጠቢያ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል፣ መድኃኒቱ በብዛት በሚረጭበት ስፍራ ነው። የሚረጭበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ፣ አልጋ ልብስንና ልብስን በፌስታል አሥሮ ማውጣት፣ ምግብና የምግብ ዕቃ መሸፈን፣ ሲረጭና ገና ሳይደርቅ በቤቱ አለመቆየት መብት እንጂ ቅንጦት አይደለም። ከዚያ በኋላ መስኮት ተከፍቶ ክፍሉ እስኪናፈስ መጠበቅና፣ ወለሉን በጓንት ማጽዳት ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም አስም ያለባት ለአሠሪዋ ቀድማ መንገር ይኖርባታል።

ጆሮ ውስጥ ቢገባስ?

ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ይበልጥም የሚገባው ትንሹ ወይም ግልገሉ ነው። በክብሪት እንጨት፣ በጥጥ ወይም በፒን ለማውጣት መሞከር ነፍሳቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ታምቡርንም ሊቀድ ይችላል። ጆሮው ቀድሞ የሚመግልበት ወይም ታምቡሩ የተቀደደበት ሰው ካልሆነ፣ በጎን ተኝቶ ለብ ያለ የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግ ነፍሳቱን ስለሚገድለው ስቃዩ ይበርዳል። ማውጣቱ ግን የጤና ባለሙያ ሥራ ነው።

በምን ያህል ጊዜ ይጠፋሉ? ባለሙያ የሚጠራውስ መቼ ነው?

መግቢያው በሚገባ ከተዘጋና ጄሉ በትክክለኛው ቦታ ከተደረገ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ልዩነቱ ይታያል። ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ የተጣበቀ የእንቁላል ከረጢት ካለ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሊፈለፈል ስለሚችል፣ ወጥመዱን ሳያነሡ ቢያንስ ለሁለት ወር መቆጠር አለበት፤ ጄሉም ሲደርቅ ይታደሳል። ደጉ ነገር ትልቁ በረሮ ከግልገልነት ወደ ሙሉ ዕድገት ለመድረስ ከግማሽ ዓመት በላይ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅበት፣ እንደ ትንሹ በፍጥነት አይራባም።

መግቢያው ተዘግቶም በወጥመዱ ውስጥ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ግልገሎች እየተያዙ ከቀጠሉ፣ ቤት ውስጥ ወይም ከወለሉ ሥር የተሰበረ ቱቦ ውስጥ እየተራቡ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠራው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። መድኃኒት የሚረጭ ባለሙያ ከመጣ ደግሞ የመድኃኒቱን ስም በመለያው ላይ ማንበብ፣ ስንት ሰዓት ከቤት መውጣት እንደሚያስፈልግ መጠየቅ፣ በማንሆሉ ውስጥም እንደሚሠራ ማረጋገጥና ክፍያው ከ6 ሳምንት በኋላ ተመልሶ መምጣትን እንደሚጨምር አስቀድሞ መስማማት ይገባል።